ከአሥር ሜትር ከፍታ የተደረገ ንግግር

የዋናና የዝላይ ማዕከላችን ዘመናዊ መሆኑን ጠላትም ይመሰክራል። ውሃው እንደ ልብ ይሞቃል፣ ሰዓቱ የሴኮንድ መቶኛ ይቆጥራል፣ የመዝለያው ማማ አሥር ሜትር ከፍታ አለው። እኔ ደግሞ የታላላቅ ውድድሮች አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ዋና አልችልም። ኃላፊነት ከችሎታ በላይ መሆኑን ለማስመስከር ግን ከእኔ የተሻለ ሰው አልተገኘም።

ካወጣኋቸው ደንቦች ሁሉ የምኮራው በሰባተኛው ነው፤ ማማው ላይ ወጥቶ በመሰላል የወረደ ተወዳዳሪ ይሰረዛል ይላል። ቀደም ሲል እየፈሩ የሚመለሱት መሰላሉን ያጨናንቁት ነበር። ፍርሃትን በአንድ አንቀጽ አጠፋሁት።

በመክፈቻው ዕለት ንግግሬን ከማማው ጫፍ ለማሰማት ወሰንኩ። ባለቤቴ ጠዋት ክራቫቴን እያስተካከለችልኝ፣ አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ የሚይዘኝን መንቀጥቀጥ አነሳችብኝ። ቤተሰብ ሰውን በአምፖል ይለካል ብዬ አለፍኳት።

ወጣሁ። ስለ ድፍረት የጻፍኩትን ስምንት ገጽ አነበብኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቁልቁል አየሁ። የብረቱን መደገፊያ አቅፌ ዘጭ አልኩ። የኮሚቴውን አባላት ለአስቸኳይ ስብሰባ ብጠራቸው፣ ከመሬት በላይ ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሟላ ከታች ሆነው አስታወቁኝ።

የመጀመሪያዋ ዘላይ ልጄ ነበረች። ለዚህች ቀን አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ተለማምዳለች። ወጥታ አጠገቤ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ማማውን እየገመገምኩ ነው።»

«ብረቱን አቅፈህ? ና፣ ላውርድህ።»

«ከወረድሽ ደንቡ ይሰርዝሻል» አልኳት።

«ደንቡን ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ይልቅ ዓይንህን ጨፍንና እግርህን ስጠኝ።»

እሷ ከሥሬ እየወረደች፣ እግሬን በእጇ እየያዘች፣ እንደ ሕፃን አንድ በአንድ እርከኑ ላይ አሳረፈችኝ። መሬት ስረግጥ አቅፌያት ማልቀስ አማረኝ። እውነቴን ነው፣ አማረኝ። ግን ሰብሳቢነቴም አብሮኝ ወርዶ ኖሯል። ዋናው ዳኛ ወረቀት ይዞ ቀረበና ተወዳዳሪዋ በመሰላል ስለወረደች ምን እንደሚደረግ በትሕትና ጠየቀኝ። ሕዝቡ ያያል። ለልጁ አዳላ ቢሉኝስ? ልጄ ተራዋን ልትይዝ ፎጣዋን አስቀምጣ በፈገግታ ትጠብቀኛለች።

«ደንብ ደንብ ነው» ብዬ ፈረምኩ። አንቀጹ እኔን አይመለከትም፤ ተወዳዳሪ አይደለሁማ።

ለአርአያነቴ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኝ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ክብሬ ቤት ውስጥም ጨምሯል። ድሮ ከሥራ ስመጣ «አባዬ» ብላ አንገቴ ላይ የምትጠመጠመው ልጄ፣ ዛሬ ስገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። «ክቡር ሰብሳቢ፣ እራትዎ ቀርቧል» ትለኝና ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች።