ጋሽ ይሄይስ እና የሶስና ሰርዶ

እጁ ማረፍ የማይችል ጎረቤት ከየትም ሰፈር አይጠፋም። ለእንጅባራዋ ሶስና የደረሷት ጋሽ ይሄይስ ናቸው፤ እኒህ የአረም ጠላት፣ የሰው ጓሮ ሁሉ የበላይ ጠባቂ! ግምጃ ቤት በምትባል የገጠር ቀበሌ አርባ ዓመት አርሰው ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ወዲህ፣ የሚታረም መሬት ቢያጡ ሰፈሩን ያርማሉ። ለቅሶ ላይ ተቀምጠው እንኳ ከድንኳኑ ሥር ሣር ሲነቅሉ ታይተዋል። የጎረቤት ጽጌረዳም ነቅለው «እሾህ ነበረው» ብለዋል።

የሶስና ጭንቀት ሌላ ነው። ግቢዋ ተዳፋት ነው፤ አምና ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ የጓዳዋን ግድግዳ ሥሩን ቦርቡሮታል። ዘንድሮ ከደገመው ቤቱ አይቆምም። ስለዚህ ግንቦት ላይ ዝናብ ጣል ሲያደርግ፣ ከመንገድ ዳር ሰርዶ አምጥታ በመስመር ተከለች። ሰርዶ አጠጡኝ፣ ኮትኩቱኝ አይልም፤ አንዴ ከያዘ ዓመት ከዓመት አፈሩን ጨምድዶ ይኖራል።

ጋሽ ይሄይስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ሰርዶ ነው፣ ጋሼ። አፈሩን እንዲይዝልኝ።»

«ሰርዶ? እኔ ቆሜ! አባቴ ሲነቅለው ኖሮ ሞተ፣ እኔም ስነቅለው ወገቤ ጎበጠ፤ አንቺ በእጅሽ ትተክዪዋለሽ?»

ሰኔ ላይ ከገበያ ስትመለስ መስመሩ የለም። ሰርዶዋ ተነቅሎ ተዳፋቱ ላይ ተበትኗል። ጋሽ ይሄይስ ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ገላገልኩሽ! ፀሐይ ያደርቀዋል።»

ሶስና እያለቀሰች ገባች።

ገበሬ የነቀለውን ሰርዶ በበጋ ፀሐይ አስጥቶ ይገድለዋል። በእንጅባራ ሰኔ ግን ፀሐይ ከየት ይምጣ? የዚያን ቀን የጀመረው ዝናብ ሳምንት አላባራም። ሰርዶውም በወደቀበት ሁሉ፣ ከየአንጓው ሥር ሰደደ። እሷ መስመር ተክላ ነበር፤ እሳቸው ግቢውን ሞሉት።

ነሐሴ ላይ ያ የተፈራው ዶፍ ወረደ። ሶስና ባልዲ ይዛ በሯ ላይ ቆመች። ውኃው በአረንጓዴው ላይ ተንሸራቶ፣ አፈሩን ሳይነካ ወደ ቦዩ ወረደ። ገብታ ግድግዳውን ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ተመስገን ብላ ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት።

በማግስቱ ጋሽ ይሄይስ መኮትኮቻቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይሄ ጉደኛ ተመለሰ? እኔ ቆሜ!»

«በማርያም፣ እንዳይነኩብኝ!» ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ዘጋችባቸው።

ፊታቸው ጥቁር ሲል ግን አንጀቷን በሉት። ሰርዶው ገና ወዳልሸፈነው፣ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደቻቸው።

«እዚህ ሦስት ሥር ብቅ ብሎብኛል። ይንቀሉልኝማ፤ እንደ ሰኔው በተን እያደረጉ።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ድሮስ ያለ እኔ ማን አለሽ?»

«ማንም» አለች ሶስና። ይህን ስትል ግን አልቀለደችም።