የሌሉት ሚስተር ሌም

በር ሲንኳኳ ትንፋሹን ውጦ የሚቀመጥ ሰው የሌለበት ሰፈር፣ ሰፈር አይባልም። በእኛ የባልቲሞር መንገድ ይህ ማዕረግ የግድግዳ ተጋሪዬ፣ የክቡር ሚስተር ሌሙኤል ጋስኪንስ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ደጃቸው ሲንኳኳ፣ ስንቱን ተሳፋሪ ጸጥ ባሰኙበት ድምፃቸው ከውስጥ «የለም!» ይላሉ።

«ሚስተር ሌም፣ የሌለ ሰው እኮ አይመልስም!» እላቸዋለሁ በግድግዳው።

«በከንቱ ቆመው እንዳይደክሙ ብዬ ነዋ!»

የሚሸሹት የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሚስታቸው ዶሪን ስታርፍ፣ ከቀብር መልስ ለቀስተኛው የበላውን ምሳ በክሬዲት ካርድ ከፈሉ። ወለዱ አድጎ አድጎ ዋናውን በለጠው። ባንኩ ዕዳውን ለአንድ ሰብሳቢ ድርጅት ሸጠ፤ ድርጅቱም ከሰሳቸው። የሚስተር ሌም ሕግ ደግሞ አጭር ነው፦ «ወረቀቱ እጄን ካልነካ አልተከሰስኩም።» ስለዚህ መኪናቸውን ሌላ መንገድ ላይ ያቆማሉ፣ በጓሮ በር ይገባሉ፣ የኳስ ጨዋታ እንኳ ሬዲዮው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ነው የሚሰሙት።

«መልስ ካልሰጡ አንድ ቀን በሌሉበት ይፈርዱብዎታል» አልኳቸው። «ደሞዝዎን ከቆረጡት ቤቱን በምን ሊያቆዩት ነው?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ተረቱብኝ። ወዲያው ግን ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ በዶሪን የቀብር ምሳ ተከሰስኩ ብዬ በየት አፌ ልናገር?»

አንጀቴን በሉት። ከዚያ በኋላ መጨቅጨቁን ተውኩ።

ዶሪን ቅዳሜ ቅዳሜ የደጃፉን ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ ትፈትግ ነበር። እሳቸውም ከእሷ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አላስታጎሉም፤ ብርድ አይሉ፣ ውርጭ አይሉ። በጥር አንድ ቅዳሜ ማለዳ እንደ ልማዳቸው አጥበውት ገቡ፤ ውሃው እዚያው ረግቶ መስታወት ሆነ። አንዲት መጥሪያ አድራሽ ወረቀቷን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አንሸራተታትና ዘጭ አለች። እኔ ከመስኮቴ ተነስቼ ጫማዬን ሳላገኝ፣ ስንት ወር ለማንም ያልተከፈተው በር ብርግድ አለ። ሚስተር ሌም በካልሲ ወጡ።

«ውይ ልጄን! ተሰበርሽ እንዴ? ቆይ፣ አትነሺ!»

ልጅቷ ጉልበቷን ይዛ ቀና አለች። «ደህና ነኝ... ሚስተር ሌሙኤል ጋስኪንስ እርስዎ ነዎት?»

ደረጃውን አዩ፣ እሷን አዩ። «ነኝ» አሉ። «አሁን ግቢና በረዶ ያዢበት።»

ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ቁርስም አበሏት። በማግስቱ እኔና እሳቸው ተቀምጠን መልሱን ጻፍን፦ «ዕዳ አለብኝ። የተበላውን ምሳ እከፍላለሁ፤ ያልተበላውን አልከፍልም።» የመልስ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍም መዝገብ ቤት አስገባን።

በቀጠሮው ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስም ይጠራል፤ ዝም። ዳኛዋ «በሌሉበት ተፈርዷል» ይላሉ። ደግሞ ሌላ ስም፤ ደግሞ ዝም። የስንቱ ሰው ደሞዝ እንዲህ ሄደ!

«ሌሙኤል ጋስኪንስ!»

«የለም!» አሉ ሚስተር ሌም፣ በዚያው በአውቶቡስ ድምፃቸው።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የለም ያለው ማነው?»

ሚስተር ሌም ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ። «ይቅርታ ክብርት ዳኛ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አለሁ።»

የድርጅቱ ጠበቃ ከዋናው በላይ የተጠየቀው ወለድ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አቃተው። ዳኛዋም ዋናውን ብቻ፣ በየወሩ ቀስ እያሉ እንዲከፍሉ ወሰኑ።

ዛሬ በር ሳንኳኳ «አለሁ!» ይላሉ፤ ግድግዳው ይነቃነቃል። አንድ ቀን ያ ድምፅ የዘገየ እንደሆነ፣ በካልሲ የምወጣው እኔ ነኝ።