አንቀጽ ዘጠኝና የኮት ክፍሉ

እኛ ሰዎች ማኅበር እንወዳለን። ሁለት ሆነን ከተገናኘን አንዳችን ሊቀመንበር፣ አንዳችን ጸሐፊ ካልሆንን ጨዋታው አይጥመንም፤ ሦስተኛ ከመጣ ኦዲተር ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፣ እውነት ነው። እኛ ዘንድ ግን ድሩ ካበረ በኋላ መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ያረቅቃል፣ አንበሳው ለመታሰር ቆሞ እየጠበቀ አንቀጽ በአንቀጽ ይወያያል፣ በመጨረሻም ነገሩን ለሚቀጥለው እሑድ ያሳድረዋል። አንበሳውም ሰልችቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እኔም አባል ነኝ፤ ያውም የተቀጣሁ አባል።

ነገሩ የሆነው ሎንዶን ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት ነው። እዚያ ከተማ በመድኃኒት ሙያ የሠለጠንን፣ የምንተዋወቅ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። አንዷ አሜሪካ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ስትመለስ፣ እዚያ ያሉ የሙያችን ሴቶች በግሪክ ፊደል የሚጠራ፣ ሻማ አብርተው የሚማማሉበት የእህትማማቾች ማኅበር አላቸው ብላ አወራችን። ቅናት ያዘን። የእኛው ማኅበር ስም ብቻውን ሦስት እሑድ ፈጀ። የግሪክ ፊደል ይሁን ያለች ነበረች፤ «ያን ሁሉ ፊደል ታቅፈን ከግሪክ ልንበደር ነው?» የምትል ተነሣችባት። በመጨረሻ «የመድኃኒት ባለሙያ እህቶች ማኅበር» ብለነው አረፍነው። መሐላውን ግን አልተውነውም። አዲስ አባል ስትገባ ያንን ጡብ የሚያህል የመድኃኒት መዝገብ ታቅፋ፣ ሻማ እየበራላት፣ ደንቡን አከብራለሁ ብላ ትምላለች። የምንሰበሰብበት አዳራሽ የእሳት አደጋ ደወል አንድ ጊዜ ከጮኸብን ወዲህ ሻማው በእጅ ባትሪ ተተክቷል።

ከደንቡ ሁሉ የከበደው አንቀጽ ዘጠኝ ነበር፦ «አባል በለቅሶ፣ በሰርግና በክርስትና ቤት የሙያ ምክር አትሰጥም።» ጭካኔ መስሎ ከታያችሁ የመድኃኒት ባለሙያ ሆናችሁ ሰርግ ሄዳችሁ አታውቁም ማለት ነው። ጉርሻው አፋችሁ ሳይደርስ አንዱ ጎንበስ ብሎ የሆድ ድርቀቱን ታሪክ ከመነሻው ይተርክላችኋል። ሌላው ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ጠብቆ ሸሚዙን ይገልጥና ሽፍታውን ያሳያችኋል። ለሐኪሙ ያልነገረውን ሁሉ ለእናንተ ይነግራችኋል፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን ግን አይውጠውም። ደንቡን ያረቀቀችው ሊቀመንበራችን ሰብለ ናት። ክላፋም የምትኖር፣ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ከሁላችን ቀድማ የእንግሊዝን የሙያ ፈቃድ ያወጣች ጎበዝ ሴት ነበረች። ትክክል ስትሆን ትንሽ ታስፈራለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ትክክል ናት።

እኔ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሎንዶን ስደርስ ግን ዲግሪዬ ከሻንጣዬ ቀለለና ኪልበርን አንድ መድኃኒት ቤት ረዳት ሆኜ ብልቃጥ ላይ ወረቀት መለጠፍ ጀመርኩ። ፈቃድ ለማግኘት ፈተና ማለፍ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ፣ በመድኃኒቱ ሳይሆን በሕጉ። ሁለተኛው ፈተና ሁለት ወር ቀርቶታል። ተስፋዬ ሁሉ ሰብለ በየረቡዑ የምትመራው የማኅበሩ ጥናት ነበር። ያለ እሱ እንደማላልፍ አውቀዋለሁ፤ ካላለፍኩ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ለጣፊ ሆኜ መቅረቴ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ቅዳሜ ኬንቲሽ ታውን ለቅሶ ደረስኩ። መቼም የሎንዶን ለቅሶ ቤት ሳሎኑ ለሰው፣ መኝታ ቤቱ ለኮት ነው። አልጋው ላይ እንደ ክምር ከተቆለለው ጥቁር ኮት ሥር የራሴን ስቆፍር በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ዞር ስል እማማ የሺ ናቸው፣ የሰብለ እናት። ልጃቸው ዘንድ ከአገር ቤት ከመጡ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል።

«ትርሲትዬ፣ አንዴ ብቻ እይልኝ» አሉና የመሐረባቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ሁለት ፓኬት የደም ግፊት ኪኒን ወጣ። «ይኼኛውን ጠዋት፣ ይኼኛውን ማታ እውጣለሁ። ስነሣ ግን ያዞረኛል። ባለፈው ደረጃው ላይ ልወድቅ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ብርዱ ይሆን?»

ፓኬቶቹን አገላበጥኩ። ብርዱ አልነበረም። አንዱ ፓኬት ላይ ፋብሪካው ያወጣው ስም፣ ሌላው ላይ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ተጽፏል፤ ቀለማቸውም ተለያይቷል። ውስጡ ግን ያው አንድ ኪኒን ነው። እማማ የሺ በቀን አንዴ የታዘዘላቸውን ሁለቴ ይውጡ ነበር።

አንቀጽ ዘጠኝ ትዝ አለኝ። አልዋሻችሁም፣ ኮቴን ይዤ ልወጣ ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ ደረጃው ታየኝ።

«ሰብለን ለምን አልጠየቋትም?» አልኳቸው።

«ጠይቄያት ነበር። የሠፈር ሐኪምሽን፣ ጂፒሽን ጠይቂ አለችኝ። ደክሟት እኮ ነው የምትመጣው። አደራሽን፣ እንዳትነግሪያት፤ ትጨነቅብኛለች።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሚደበቁት ከመድኃኒት አዋቂ ልጅ ሲሆን ተረቱ ምን እንደሚል አላውቅም። ነገሩን አስረዳኋቸው፣ አንዱን ፓኬት ለይቼ «ለጂፒው የሚያሳዩት» ብዬ ጻፍኩበት፣ ሰኞ ጠዋትም ደውዬ ለዕለቱ ቀጠሮ ቡክ አደረግኩላቸው። ጂፒውም እንዳልኩት ሆኖ አገኘው። ችግሩ፣ ያን ቅዳሜ ፓኬቱን ይዤ ሳስረዳ ጸሐፊያችን አዜብ ኮቷን ፍለጋ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችን። እኔን ከነፊቴ፣ እማማ የሺን ከኋላቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ጀርባቸውን የሰጡ ነጠላ ለባሽ እናቶች ሁሉ አንድ ናቸው።

በሳምንቱ እሑድ ስብሰባችን ላይ አጀንዳ ቁጥር አንድ እኔ ሆንኩ። እማማ የሺ እንደ ሁልጊዜው ከልጃቸው ጋር መጥተው የአዳራሹ ማሞቂያ ራዲያተር ሥር መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ብቻቸውን ቤት መዋል ስለማይሆንላቸው ከአንድም ስብሰባ ቀርተው አያውቁም።

«ምክር ሰጥተሻል?» አለች ሰብለ።

«ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«የታማሚ ምስጢር ነው።»

ጉባኤው ተንጫጫ። ሁለት ፓኬት ስለመዋጡ፣ ስለ ደረጃው፣ ይህን ሁሉ ስም ሳልጠራ ተናገርኩ። ሰብለ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሴትዮዋ ጧሪ የላትም? ልጅ የላትም?»

«አላት።»

«እና ልጅቱ የእናቷን መድኃኒት አታይም? ምን ዓይነት ልጅ ናት?»

ወደ ራዲያተሩ ላለማየት ጣሪያውን ተመለከትኩ። «ሥራ የሚበዛባት ናት» አልኩ። እማማ የሺ እጃቸውን አወጡ። ሰብለ ዞር ሳትል «እማዬ፣ በአጀንዳ ላይ እንግዳ አይናገርም» አለቻቸውና እጁ ተመለሰ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ተቀመጥኩ። አፌ ላይ የነበረውን አንድ ስም ባወጣው ኖሮ ረቡዕዬ ይተርፍልኝ ነበር፤ ግን አደራ በልቼ የማልፈው ፈተና ምን ያደርግልኛል? እንዲያም ሆኖ ልቤ ነደደ። ድምፅ ተሰጠ። በሰባት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ለስድስት ወር ከረቡዕ ጥናት ታገድኩ። ጥርሴን ነክሼ ባልቀመጥ እዚያው አለቅስ ነበር።

«ልዩ ልዩ ጉዳዮች» አለች አዜብ፣ ደብተሯን እየገለበጠች። እማማ የሺ ብድግ አሉ።

«በልዩ ልዩ እንግዳ ይናገራል። አንቀጽ አሥራ አራት» አሉ። ዓመት ሙሉ ራዲያተር ሥር የተቀመጠ ሰው ደንቡን ከአርቃቂው እኩል ያውቃል። «ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። አሁን አያዞረኝም። በደረጃው ወርጄ ነው የመጣሁት።»

አዜብ ቀስ ብላ «ይኼ በቃለ ጉባኤው ይያዝ?» ብላ ጠየቀች። የሰብለ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ ልጅ ተጨማደደ።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። ጂፒሽን ጠይቂ አልሽኝ።»

ሳያት አሳዘነችኝ። ይቅርታ ልታደርግልኝ ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ግን ሰብለን አታውቋትም። ዓይኗን ጠርጋ፣ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ቅጣት የሚሻረው በጠቅላላ ጉባኤ መሆኑን፣ ጠቅላላ ጉባኤውም ገና ዓመት እንደሚቀረው አስረዳችኝ። በሳምንቱ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ግን እናቷን አስከትላ፣ የሕጉን መጽሐፍ ብብቷ ሥር ይዛ ኪልበርን ቤቴ በር ላይ ቆማለች። «ይኼ ጥናት አይደለም» አለችኝ፣ «ጥየቃ ነው።» ከክላፋም ድረስ በየሐሙሱ ጠየቀችኝ። እንደ እሷ ያለ ጠያቂ አይስጣችሁ፤ ሻይ ሳይቀዳ አንቀጽ በቃሌ ታስወጣኛለች።

ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱ የደረሰ ዕለት እናትና ልጅ ዳቦ ይዘው መጡ። ሰብለ ኩሽና ገብታ ዳቦውን ስትቆርስ እማማ የሺ ወደ እኔ ጠጋ አሉ፤ መሐረባቸውን ፈትተው አንድ አዲስ ብልቃጥ መዳፌ ላይ አኖሩ።

«ይኼ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«እማማ፣ ልጅዎ እኮ እዚሁ ናት። ለምን እሷን አይጠይቋትም?»

ወደ ኩሽናው አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሷማ ሊቀመንበር ናት።»