የቡ ፓርቲናህ ቢጫ ሩዝ

በጃቫ ምድር የአንዲትን ሴት ማረጥ ከራሷ ከሴትዮዋ ቀድማ የምታውቅ ጎረቤት የሌለችበት መንደር የለም። ለእኛ መንደር የደረሱት «ቡ»፣ ማለትም እመት፣ እያልን የምንጠራቸው ክብርት ቡ ፓርቲናህ ናቸው፤ የእርድና የዝንጅብል እመቤት፣ ማንም ያልሾማቸው የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር።

እኔን የያዙኝ ገበያ መሀል ነው። ያ ሙቀት ድንገት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን ሲያነደው፣ በገዛሁት የጎመን እስር ሳራግብ አዩኝ።

«መጣልሽ!» አሉ፣ ዓሣ ሻጩ ሁሉ እስኪዞር። «አንቺ ልጅ፣ ቡናውን ቀንሺ! ቃሪያውን ተዪ! ቴምፔ በልተሻል?»

ቴምፔ በልተሻል? የእግዜር ሰላምታቸው ይኸው ነው። ያቺ የአኩሪ አተር ጥፍጥፍ የማታድነው ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ባሏን ገና የቀበረችውን ሴት እንዲሁ ብለው ጠይቀዋታል።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው እርድና ጎምዛዛውን የሁመር ፍሬ አፍልተው ደጄ ላይ ይገተራሉ፤ ብርጭቆውን ሳልጨርስ ንቅንቅ የለም። ከዚያ የመንደሩን ሴት በሙሉ ሜዳ ላይ አሰልፈው ስፖርት ያሠሩናል። «አጥንታችሁ እየሳሳ ነው! እጅ ወደ ላይ! ምነው፣ ሰማዩ ያቃጥላል?» እንቅልፌ ግን ተሻለኝ። እርዱ ይሁን ድካሙ፣ እኔ እንጃ።

አንድ ቀን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ቢጫ ሩዝ ላኩልኝ። ቢጫ ሩዝ ከመጣ ደስታ አለ ማለት ነውና፣ እየጎረስኩ ቤታቸው ሄድኩ። ጓዳ ጎትተው አስገቡኝና፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አንሾካሾኩ።

«አበባዬ ተመለሰ።»

«የምን አበባ?»

«የወሩ ነዋ! ካረጥኩ ስንት ዓመቴ! ቴምፔዬ ልጅ አደረገኝ!»

ጎረቤታችን ሱታርሚ እዚያው ቆማ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ የእርዱን ልክ ትጠይቃለች። እኔ የያዝኩትን ሩዝ አስቀመጥኩ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሰብስባን «ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ» ብላን ነበር። ቡ ፓርቲናህም ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፤ ግን ለአዋላጇ ስለ ፓፓያ እያስተማሯት ነበር።

«ቡ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳቸው።

«ሩዙን ልናቀምሳቸው?»

«ሊመረመሩ።»

«ቀናሽ እንዴ? ላንቺም ይመለስልሻል፣ ብቻ ቴምፔ ብዪ።»

«ቡ፣ ይህ ልጅነት አይደለም። ክፉ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ማየት አለበት።»

ድስቱን አዩና «ሩዙን እኮ ለመንደሩ ሁሉ ልኬዋለሁ» አሉ። «አሁን ምን ልበላቸው?» ቆይተው ደግሞ፣ «ወገቤንም ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

በሞተሬ አፈናጥጬ ወሰድኳቸው። ጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካቸው፤ እዚያ ከማሕፀናቸው ናሙና ወስደው ጠብቁ አሉን። እየጠበቅን ነው። የቡ ፓርቲናህ በር ተዘግቶ ይውላል። ሜዳው ላይ ተሰልፈን እንተያያለን፤ እጇን የምታነሳ የለችም። የላኩልንን ሩዝ ነገር ማንም አያነሳም፤ ሱታርሚ ብቻ አንድ ጊዜ ልታወራው ጀምራ አለቀሰች።

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉን ሐኪም አስፈቅጄ እርድና ሁመሩን እኔው አፈላሁና ይዤላቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ኩርምት ብለዋል፤ ፊታቸው ከስቷል። ልክ እንደሳቸው ፊት ለፊታቸው ተገተርኩ።

«ይጠጡ። ሳይጨርሱ ንቅንቅ አልልም።»

ቀመስ አድርገው ፊታቸውን አኮማተሩ። «ሁመሩን አብዝተሽዋል» አሉ፣ በደከመ ድምፅ። ግን ጠጡት። ብርጭቆውን ሲመልሱልኝ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቴምፔ በልተሻል?»

ጠግቤ ነበር የመጣሁት።

«አልበላሁም» አልኳቸው።

መንደሩ ሁሉ በየበሩ እስኪወጣ ድረስ ጮኹብኝ።