ሦስት ላብራቶሪ አወዳድሬ ያገኘሁት ጉድ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም ቆይቼ ስቄያለሁ። መጀመሪያ ግን አልቅሻለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ዘይነባ እባላለሁ። መርካቶ፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለኝ። ሽቶ፣ ቅባት፣ ሻምፖ፣ ክሬም። ባሌ ጀማል አጠገቤ ምንጣፍ ይሸጣል። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ነው። ልጅ የለንም።

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋኋት። ይኸው፣ ተውኳት።

ነገሩ የጀመረው በመወፈር ነው። ፊቴ ክብ ሆነ፣ ሆዴ ገፋ፣ እግሬ ግን ቀጠነ። ወር አበባዬ ደግሞ ሦስት ወር ቀረ።

ሦስት ወር!

ሆዷ የገፋ፣ ወር አበባዋ የቀረ ሴት ምን ታስባለች? እኔም አሰብኩ! የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ አሰበልኝ። «ዘይነባ፣ ተመችቶሻል!» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ። አንዷ ጎረቤቴማ ካርቶን እንዳላነሳ መከልከል ጀመረች። እኔም ተከለከልኩ። እንዴት ደስ እንደሚል አትጠይቁኝ።

ከዚያ ተመረመርኩ። እርግዝና የለም።

ደገምኩት። የለም።

ያን ቀን ወደ ሱቅ ስመለስ ጎረቤቴ የያዝኩትን ካርቶን ልትቀበለኝ ሮጠች። ሰጠኋት። የለም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ዶክተሩ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ፊቴን አዩ፣ ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉና «ሆርሞንሽ ሳይዛባ አልቀረም» አሉኝ። ከኩላሊት በላይ አድሬናል የምትባል ትንሽ እጢ አለች። ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ታመርታለች። እሱ ሲበዛ ሰው እንዲህ እንደኔ ይወፍራል፣ ወር አበባም ይዛባል።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ኧረ የለም! ለራስ ምታት እንኳን ኪኒን አልውጥም!» አልኳቸው፣ እየተኩራራሁ።

አንድ የደም ምርመራ አዘዙልኝ። ጠዋት በሁለት ሰዓት የሚሰጥ።

አንድ! እኔ የመርካቶ ሴት ነኝ። ሦስት ሱቅ ሳልጠይቅ መርፌ አልገዛም!

የመጀመሪያው ላብራቶሪ «ስልሳ» አለ። ከጎኑ «ዝቅተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ዝቅተኛ?! እኔ እንደ ሊጥ ኩፍ ብዬ ሆርሞኔ ዝቅተኛ? የሌላ ሰው ደም ነው የለኩት ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጋ የሄድኩት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ውጤቱ አንድ ነጥብ አንድ።

ጮህኩ። «ሌላ ቦታ እኮ ስልሳ ብለውኛል! እንዴት ከስልሳ ወደ አንድ ታወርዱኛላችሁ? እስቲ ደግማችሁ እዩ፣ ትንሽ ጨምሩልኝ!»

ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ «እህቴ፣ እዚህ ድርድር የለም» አለኝ። ተራ የሚጠብቀው ሰው በሙሉ ሳቀ።

ሦስተኛው ላብራቶሪ ደግሞ የለካልኝ በደም ሳይሆን በሃያ አራት ሰዓት ሽንት ነው። አዎ፣ የአንድ ቀን ሽንት እንዳለ፣ በጄሪካን! በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ስር አስቀመጥኩት። ሽቶ የሚያሸቱ ደንበኞቼ ከላይ፣ እሱ ከታች።

ቀን መምረጥ የማላውቅ ሰው ነኝና ማስረከቢያዬ አርብ ከሰዓት ላይ ዋለ። ጁምዓ! ከሱቁ እንደወጣሁ መንገዱ ጥግ እስከ ጥግ ሰጋጅ ነው። ሽንት ይዤ በሰጋጆች መሃል ልለፍ? አላህ ይቅር ይበለኝ! ጄሪካኑን አቅፌ ግድግዳ ጥግ ሶላቱ እስኪያልቅ ቆምኩ። ቆሜም በልቤ ለመንኩ። ምን እንደለመንኩ መቼም ታውቁታላችሁ።

እሱም ዝቅተኛ ወጣ።

ይኸው ዛሬ ጠዋት ሦስቱን ወረቀት ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ።

«የትኛው ነው ትክክል?»

«ሦስቱም» አሉኝ።

ለካ ሁለቱ የደም ምርመራዎች የተለኩበት መለኪያ የተለያየ ነው። «ነጋዴ አይደለሽም እንዴ? አንዱን ጨርቅ በሜትር፣ ሌላውን በክንድ ለክተሽ ቁጥሩን ታወዳድሪያለሽ?» አሉኝ። ደግሞ ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ ይላል። የጠዋቱን ከአሥር ሰዓቱ ጋር ማወዳደሬ ራሱ ስህተት ነበር። ያም ሆነ ይህ ሁሉም ዝቅተኛ ነው።

«ሰውነትሽ በዝቶብኛል ይላል፣ ደምሽ የለኝም ይላል» አሉ። «ከውጭ የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው። ምን ትቀቢያለሽ?»

«ምንም! የፊት ማጥሪያ ክሬም ብቻ።»

«የትኛውን?»

መልስ ሳልሰጥ አጠገባችን የቆመችው ነርስ ቦርሳዋን ከፈተች። ያንኑ ክሬም አወጣች!

«ይሄ ነው ዶክተር። እኔም ከእሷ ነው የምገዛው። ደንበኛዬ ናት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ዶክተሩ ጽሑፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ። ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ሲያዝ ብቻ፣ ለጥቂት ቀን፣ ትንሽ ቦታ ላይ የሚቀባ መድኃኒት። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከግንባሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ! በቆዳዬ ገብቶ የኮርቲሶልን ሥራ ሲሠራ፣ የኔዋ እጢ ከውጭ በገፍ እየገባ ለምን እደክማለሁ ብላ ሱቋን ዘጋች። ዶክተሩ እንዲህ ብለው ነው ያስረዱኝ። እንዲህ ተብሎ የማይገባው ነጋዴ የለም።

ለምን ያን ያህል ተቀባሽ ትሉኛላችሁ? ሥራዬ ነዋ! ገዢ ስታመነታ «እኔን እዪኝ!» እላታለሁ። የሱቁ ሳምፕል እኔው ነኝ። ደግሞ መድኃኒት አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ ክሬሙ ትዝም አላለኝ። ለኔ እኮ ሸቀጥ ነው።

«ዛሬውኑ እጥለዋለሁ!» አልኩ።

«እንዳታደርጊው!» ብለው እሳቸው ደነገጡ። እጢዋ እስክትነቃ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ጉዴን እያወቅሁ፣ እሳቸው በሚሉኝ መጠን ገና እቀባለሁ ማለት ነው።

«ወር አበባዬስ? ልጅስ?» አልኳቸው።

«ሊመለስ ይችላል። ጊዜ ይፈልጋል። ቃል ግን አልገባልሽም።»

ስወጣ ነርሷ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። «እትዬ ዘይነባ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም እኮ ሁለት ወር ቀርቶብኛል። ስመረመር የለም ይላል።»

ያገባችው አምና ነው። ክሬሙን የሸጥኩላት ለሠርጓ ነው። «በዓመትሽ ልጅ ታቀፊ» ብዬ መርቄ ነበር የሰጠኋት!

ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው። ይዣት ተመልሼ ገባሁ፤ ዶክተሩ እሷንም አዩዋት። እሷ የምትቀባው ፊቷን ብቻ ነው፣ ቶሎ ይስተካከል ይሆናል አሉ። ይሆናል ሲሉ እጄን ጨበጠችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከኔ ክሬም የገዛችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። በአንዴ አታቁሙ። ልትሰድቡኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አታድርጉ፣ እዚሁ ኮመንት ላይ ስደቡኝ፤ ሌላም ሰው ይማርበት።

ሱቅ እንደደረስኩ ክሬሙን በሙሉ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ጀማል መጣ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ባዶውን መደርደሪያ አየና «እንዲህ ባዶውን ከሚቀር፣ ከሻምፖው ኋላ የደበቅሻቸውን ካልሲዎች ደርድሪበት» አለኝ።

ያውቅ ኖሯል!

እንግዲህ ይሄንንም ልናዘዝ። ወር አበባዬ በቀረ በሁለተኛው ወር የሕፃን ካልሲ ልገዛ ወጥቼ ነበር። አንድ ጥንድ ብቻ፣ ነጭ፣ አውራ ጣት የምታክል። ሻጩ «በደርዘን ካልሆነ አልፈታም» አለኝ። ብለምነው እምቢ አለ። ለአንድ ልጅ፣ ያውም ለሌለ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ጥንድ ገዝቼ ገባሁ።

«ልሽጣቸው?» አልኩት ጀማልን።

«አይሸጡም» አለ። «ዝም ብለው ይታዩ።»

ደረደርኳቸው። ይሄን እየጻፍኩላችሁ እንኳን ሦስት ሰው ዋጋ ጠይቆኛል። መርካቶ ውስጥ የማይሸጥ ዕቃ ደርድራ የምትጠብቅ ነጋዴ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ተይዘዋል» እላቸዋለሁ።

«ማን ያዛቸው?» ይሉኛል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ልበላቸው?