የኩሬው ታላቅ የጽዳት ቀን

ተረቴን ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ያቅና፣ ሥራ ያለውም ሥራው ይቆየው። ድሮ ድሮ በአንድ ጫካ ውስጥ እንስሳት በጋራ የሚያለሙት የአትክልት ቦታ ነበረ። በመካከሉም አንዲት ኩሬ ነበረች፤ ጠባቂዋ አባ ኤሊ ነበር።

አባ ኤሊ በየቅዳሜው ማለዳ የረገፈውን ቅጠል ይለቅማል፣ በውሃው ላይ የሚጋገረውን አረንጓዴ ነገር ይገፋል፣ ከታች ከተኛው ደለልም አንድ ሁለት እፍኝ ያወጣል። ታዲያ አንድም ቀን ተመስግኖ አያውቅም። ውሃው ንጹሕ ነዋ! ንጹሕ ውሃ ማን ልብ ይላል?

ከዕለታት አንድ ቀን ወገቡ እምቢ አለው። እንስሳቱን ሰብስቦ፣ «ልጆቼ፣ እኔ ደክሜአለሁ። በየሳምንቱ ተራ ግቡልኝ፤ ከቁርስ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው» አላቸው።

ጓጉንቸር ጉሮሮውን ነፍቶ ብድግ አለ። «ይህ እንዲህ በዋዛ የሚታይ ጉዳይ አይደለም! ኮሚቴ ያስፈልገዋል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ጓጉንቸር ሰብሳቢ፣ ዳክዬ ምክትል፣ ጦጣ ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። በኩሬዋ ውስጥ የምትኖረው ዓሣ «እኔስ?» ብትል፣ «አንቺማ ተጠቃሚ ነሽ» ተባለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ኮሚቴው ስም ተከራከሩ። በሁለተኛው ምልአተ ጉባኤ ስላልተሟላ ተበተኑ። በሦስተኛው ማኅተሙ ላይ የማን ምስል ይቀረጽ በሚለው ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። ቅጠሉ ግን ምልአተ ጉባኤ ምናምን አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይረግፋል።

ዓመት ሊሞላ ሲል ውሃው ጠቆረ፣ ሸተተም። ዓሣዋ ሰባት ልጆቿን አስከትላ ወደ ዳር መጣች።

«ጌታው ሰብሳቢ፣ ልጆቼ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። እባክዎ፣ ቅጠሉን እንኳ አንሱልን።»

«አይዞሽ እቴ» አለ ጓጉንቸር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ። «በሚመጣው ወር አንበሳ ሊጎበኘን ነው። ያን ዕለት ታላቅ የጽዳት ዘመቻ እናካሂዳለን። አሁን ከጸዳማ ለእንግዳው ምኑን እናሳየዋለን?»

ምስኪን፣ ልጆቿን ይዛ ተመለሰች። ምን ታድርግ?

ቀኑ ደረሰ። ሁሉም አንድ ዓይነት የቅጠል ቆብ ደፍተው ተሰለፉ። ዳክዬ መዝሙር አወጣች፤ አንበሳም ጥላ ሥር ተቀመጠ። አባ ኤሊ እየተንፏቀቀ ደርሶ ጮኸ፦

«ኧረ ተዉ! የዓመት ደለል በአንድ ቀን አይነካም! ከሥር የታመቀው መርዝ ይነሳል፣ ዓሦቹን ትፈጃላችሁ! በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አልኳችሁ እኮ!»

ጦጣ ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ «አባባ፣ ይህ አጀንዳ ላይ የለም» አለችው።

ከዚያ ዘለው ገቡ። በአካፋ ይሁን በእግር፣ በጅራት ይሁን በቀንድ፣ ኩሬዋን ከሥሯ ገለበጧት። ጭቃው ፈላ፤ ሽታው ለአፍንጫ አስቸገረ። አንበሳም አፍንጫውን ይዞ፣ «ይበል! ሥራ ማለት እንዲህ ነው!» አለ።

ያን ጊዜ ሰባት ትናንሽ ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ብቅ አሉ።

«ይመልከቱ ጌታዬ!» አለ ጓጉንቸር በደስታ። «ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሊቀበሉዎት ወጡ!»

ደግሞ ተጨበጨበ። አንበሳ አመስግኖ ሄደ። ዘማቾቹም ወደ ዳር ወጥተው እግራቸውን ሣር ላይ ይጠራርጉ ጀመር። እናትየው ዓሣ በድፍርሱ ውሃ ውስጥ አፏን እየከፈተች እየዘጋች ወደ እነሱ ተጠጋች።

«በይ እንጂ ተጠቃሚዋ» አላት ጓጉንቸር፣ «የምስጋና ቃል አሰሚና ቃለ ጉባኤው ይዘጋ።»

ዓሣዋ ልጆቿን አየች፣ እነሱንም አየች።

«ኩሬው ሲቆሽሽ እናንተ ዳር ላይ ነበራችሁ፤ ጸዳ ስትሉም ይኸው ዳር ወጣችሁ። እኔ የምወጣበት ዳር የለኝም» አለች። «ጦጢት፣ ጻፊ፦ ሰባቱም ልጆቼ በስብሰባው ላይ ተገኝተዋል።»