ያልተጣላን ማስታረቅ

እኛ ደሴዎች ለብቻ መሄድ አናውቅበትም። መድኃኒት ቤት ስንሄድ እንኳ ሰው አስከትለን ነው። አቀርቅሮ ብቻውን የሚሄድ ሰው ካየን ወይ አዝኗል፣ ወይ ተጣልቷል፤ ሌላ ምክንያት ከየት ይመጣል?

ይህን ለማቲ የነገረው አልነበረም። ማቲ ግቢዬ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከፊንላንድ የመጣ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ቀን ቀን ኩታበር ለገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ይውላል፤ ማታ እኔ ቤት ሲገባ ቧንቧው ደርቆ ይጠብቀዋል። ምስኪን! የአገሩ ጥቁር ዳቦ የለ፣ የለመደው ሙቅ ውኃ የለ። ሁሉንም ችሎ አንድ ነገር ብቻ አልተው አለ፤ አመሻሽ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ብቻውን መንሸራሸር። አገሩ ሳለ ጫካ ለጫካ እንደዚያ ያደርግ ስለነበር፣ ናፍቆቱን የሚያስታግስለት እሱ ነበር።

ታዲያ ብቻውን ማን አስኪዶት! ያገኘው ሁሉ ወዴት ነው ይለዋል። ወደ የትም ይላል። ወደ የትም የሚሄድ ሰው ደግሞ አንጀት ይበላል፤ ስለዚህ ይከተሉታል። አንድ ቀን ምርር ብሎት፣ ይህ ነገር ካልቀረ ኮምቦልቻ ወርጄ ሆቴል እገባለሁ አለኝ። ክው አልኩ። እንግዳ ተቀይሞ ወጣበት ከመባል የከፋ ምን ውርደት አለ?

ጎረቤቱን እየዞርኩ ለመንኩ። በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ሰውየውን ብቻውን ተዉት አልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ሰፈር ይህን ሲሰማ ስለ እኔ ስለ ሰይድ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሰይድ እንግዳውን በድሎታል፤ እንዳይነግረን ብሎ ከሰው ለየው!

በማግስቱ የሰፈራችን አስታራቂዎች፣ ሐጂ እንድሪስና ቄስ ሞላ፣ ደጃፌ ቆሙ። ማቲንም ከክፍሉ ጠሩት። ሐጂ፣ ልጄ፣ የሰው አገር ሰው አያስከፉም፤ አፉ በለኝ ብለህ ይቅርታ ጠይቀው አሉኝ። ወላሂ አልተጣላንም ብል፣ ቄስ ሞላ ፈገግ ብለው፣ ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው አሉ። ምን አማራጭ አለኝ? ላልሠራሁት በደል "አፉ በለኝ" አልኩ። ማቲም ግራ እየተጋባ "አፉ" አለኝ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፤ እሱ ለአንዱ አሚን፣ ለሌላው አሜን ሲል ዋለ።

ሲሄዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አገሬ ብሆን ቢከፋኝም የሚያንኳኳ የለም አለኝ። እኔም ሆዴ ባባ። የሆቴሉም ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የምንንሸራሸረው አብረን ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የምትማረውን ታውቃላችሁ፤ ማቲን አህያ ማለቴ አይደለም፣ ጊደሯ ግን እኔው ነኝ። ባለፈው እሱ ለሥራ ሐርቡ ወርዶ ሲያመሽ፣ ብቻዬን ወጣሁ። ማንንም ሳላናግር፣ ቀዝቃዛውን አየር እየሳብኩ ተመለስኩ። ለካስ እንዲህ ደስ ይላል!

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከባለቤቴ ከዘይነባ ጋር ሊያስታርቁኝ ነው። ሐጂ እንድሪስ ከፊት፣ ቄስ ሞላ ከኋላ፣ መሀል ላይ ጋቢ የደረበ ማቲ። ወላሂ አልተጣላንም አልኩ። ቄስ ሞላ አፋቸውን ሳይከፍቱ ማቲ ቀደማቸው፤

"ሁሉም መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው።"